ከፍሎ ያደረ እንግዳ

በአገራችን ደንብ እንግዳ አያማርርም። የቀረበለትን ይበላል፣ በተነጠፈለት ላይ ይተኛል፤ ሌሊቱን ቁንጫ ሲበላው ቢያድር እንኳ ሲነጋ «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ብሎ ይነሣል። ደንበኛ ግን ሌላ ሰው ነው። ደንበኛ ይመርጣል፣ ይከራከራል፣ ያልወደደውን ይመልሳል፤ ሒሳቡን ዘግቶ ሲወጣም የምስጋና ዕዳ የለበትም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያልተቀበለ ባለቤት ምስጋና ይገባዋል፤ ገንዘብ የተቀበለ ባለቤት ደግሞ የተቀበለበትን ነገር መስጠት ይገባዋል። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ይሁንና አንድ ሦስተኛ ቤት አለ፤ ስም ያለው አሮጌ ሆቴል። ይህ ቤት ሒሳብ ሲቀበል ነጋዴ ነው። ሲወቀስ ግን በድንገት እንግዳ ተቀባይ አባወራ ይሆንና «በአባቶች ቤት ገብተህ ምን ታማርራለህ?» የሚል ፊት ያሳያል። እንደ ደንበኛ አስከፍሎን፣ እንደ እንግዳ ዝም እንድንልለት ይፈልጋል። ለመሆኑ ይህን የመፈለግ መብት ከየት አገኘው? ታሪክ የሚባለው ነገር የዛሬን ጉድለት የሚያለብሱበት ቡሉኮ ነውን? አንባቢ ይህን ጥያቄ ይዞ እስከ ባሌ ደጋ ድረስ አብሮኝ እንዲጓዝ እጠይቃለሁ። መነሻችን ግን አዲስ አበባ ነው።

ሆቴል በኢትዮጵያ ሲጀመር የመጀመሪያው ችግር የአልጋና የሳህን አልነበረም፤ የኅሊና ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግድም፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በአራዳ ሲያቋቁሙ እንጀራ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እህል ለራበው ይሰጣል እንጂ እንዴት ለእንግዳ ይሸጣል? ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወግ እንደሚለው፣ መኳንንቱ ለምግብ መክፈልን አፍረው ወደ ሆቴሉ ዝር ስላላሉ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስተማሯቸው። ወጉን እንደ ጨዋታ እየሳቅን ሰምተነዋል። ነገር ግን ጠልቀን ካየነው፣ በዚያ ማዕድ የተሰጠው ትምህርት የመክፈል ብቻ አይደለም። የከፈለ ሰው ባለ ዕዳ ሆኖ እንደማይወጣም ጭምር ነው። በግብር አዳራሽ የበላ ሰው የጋባዡን ፊት እያየ ይኖራል፤ በሆቴል የበላ ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። ወጡ ጨው ቢበዛበት «ጨው በዝቶበታል» ማለት ይችላል። ሆቴል ከውጭ አገር አልጋና ሹካ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ለተራው ሰው የመናገር መብትንም ይዞለት መጥቷል።

ባሌ በበኩሉ ሆቴል ሳያውቅ እንግዳ ሲያሳድር የኖረ አገር ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዘው ምእመን፣ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ ዱላውን ይዞ፣ ውዳሴውን እያዜመ ከሩቅ አገር ሲመጣ በየመንደሩ ማደሪያ አያጣም። የሼኩን ስም ጠርቶ ለገባ እንግዳ ሒሳብ አይጻፍበትም። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ለብዙ ኪሎ ሜትር ፈልፍሎ የሠራው ታላቁ ዋሻ እንኳ ሶፍ ዑመር የተባለው፣ በውስጡ ተጠልለው ይኖሩ ነበር በሚባሉት ሼክ ስም ነው። በኦሮምኛ «ኬሱማ» የሚባለው እንግዳ ከደጅ ሲደርስ ወተቱ፣ ቆሪው፣ ጩኮው እንደ አቅም ይቀርብለታል። በዚህ ጉዳይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አብነት አንድ ሰው ነው፤ አብርሃም፣ ኢብራሂም፣ ያላወቃቸውን መንገደኞች ተቀብሎ ማዕድ ያቀረበው ሽማግሌ።

በአማርኛችንም ይህን የእንግድነት ሥርዓት ጠቅልላ የያዘች አንዲት አባባል አለች። ባለቤቲቱ መሶቡን ስታቀርብ «ቤት ያፈራውን» ትላለች። ትሕትና ትመስላለች፤ ነገር ግን ከትሕትና በላይ ናት። «ያለኝ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ደብቄ አላስቀመጥሁም፤ የሌለኝንም አለኝ አላልሁም» ማለት ናት። ሽሮ ያቀረበች ሴት ሽሮውን ዶሮ ነው አትልም። ድህነቷን ከእንግዳው ፊት አውጥታ ታስቀምጣለች፤ እንግዳውም ያንን እውነት አክብሮ ይበላል። የእንግዳው ዝምታ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእውነት የተከፈለ ዝምታ ነውና።

ሆቴል ወደ ባሌ የገባው ከመንገድና ከመንግሥት ጋር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን ጎባ ርእሰ ከተማው ሆነች። ሹሙ፣ ዳኛው፣ የጦር መኮንኑ፣ መሐንዲሱ ማረፊያ ያስፈልገው ነበር። ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሮቤ በስንዴውና በገብሱ ሜዳ ላይ እያደገች መጥታ፣ ኋላ የዞኑ መቀመጫነት ወደ እርሷ ዞረ። በመካከሉ ግን ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ግድም የቆየው የገበሬዎች አመፅ ነበር፤ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት፣ የመሬትና የግብር በደል ያቀጣጠለው አመፅ። እንግዲህ «ታሪካዊ ሆቴል» ሲባል «የማን ታሪክ?» ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም። በዚያ ዘመን በነጩ አንሶላ ላይ የተኛው ማን ነበር? አንሶላውን ያጠበችውስ? የዳቦውን ስንዴ ያመረተው ገበሬ በዚያ በር ገብቶ ያውቃልን? በአሮጌ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ ፎቶግራፉ የሚሰቀለው የተኛው ሰው ብቻ ነው። ያጠበችውና ያመረተው ፎቶግራፍ የላቸውም።

በባሌ ደጋ ካሉት አሮጌ ሆቴሎች በአንዱ አድሬአለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ አንባቢም በየከተማው የዚህን ቤት ወንድም ያውቀዋል። ሲሠራ መልካም ቤት ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ኮሪደሩ ሰፊ፣ በሩ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ ነው። በእንግዳ መቀበያው የተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ «ሙቅ ውኃ» ይላል። ከከፈልሁ በኋላ ቧንቧውን ብከፍተው ሙቁም ቀዝቃዛውም የለም። በባልዲ ይመጣል ተባልሁ፤ ባልዲውም አልመጣም። አንሶላው እርጥበት ይዟል፤ የተሰነጠቀውን የመስኮት መስታወት ካርቶን ተለጥፎበታል፤ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ካርቶኑን አልፈራም። ጠዋት በስንዴ አገር የደረቀ ዳቦ፣ በማር አገር የታሸገ ማርማላታ ቀረበልኝ። ቡና ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉኝ። የሐረና ጫካ፣ ቡና ሳይተከል በራሱ የሚበቅልበት ጫካ፣ ከዚያው ተራራ ጀርባ ነው። ጀበና የሚጥድ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ለኃላፊው ነገሩን ሳነሣ ወጣቱ ሳይቆጣ፣ እንደሚያስረዳ ሰው ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ታሪካዊ ሆቴል ነው» አለኝ።

ሌሊት ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ጥበቃው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ መብራቴን አይተው በሩን አንኳኩ።

«በዚህ ብርድ እንዴት ያድራሉ ጌታው?» አሉና አንድ ቡሉኮ አቀበሉኝ። የገዛ ራሳቸው ቡሉኮ ነበር። ጠዋት ስመልስላቸው ጥቂት ብር ጨምሬ ብዘረጋ እጄን ገፉት።

«አባባ፣ ለድካምዎ ነው» አልኋቸው።

«ቡሉኮው የሆቴሉ አይደለም፤ የቤቴ ነው» አሉ። «የቤቴን አላከራይም።»

እነሆ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ሥርዓቶች ነበሩ። ገንዘብ የተቀበለው ቤት የተቀበለበትን አልሰጠም፤ የሰጡት ሰው ደግሞ ገንዘብ አልተቀበሉም። የሚያስጨንቀው የሥነ ምግባር ጥያቄም ከዚህ ላይ ይነሣል። ቤቱ እንደ ቤት እንዲቆጠር ያደረገው የእኒያ ሽማግሌ ደግነት ነው። ታዲያ ይህ ደግነት የቤቱን በደል ይሰርዛልን? ብዙዎቻችን «ሰዎቹ ደጎች ናቸው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔ ግን በደሉን ያከብደዋል እላለሁ። ድርጅቱ ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ በአነስተኛ ደመወዝ የሚኖር ሰው ከትከሻው ላይ አውርዶ ከፈለለት ማለት ነውና። እንግዳውን ያሞቀው ቡሉኮ ሽማግሌውን አበረዳቸው፤ ሰሌዳው ግን «ሙቅ ውኃ» እንዳለ ነው። የደጋግ ሰዎች ደግነት የክፉ አሠራር ምርኩዝ ሲሆን፣ አሠራሩ ለመታረም የሚያስገድደው ምክንያት ያጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ቤት የሚቀርቡት ማመካኛዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። «አሮጌ ስለሆነ ነው» ይባላል። ዕድሜ ግን እድፍ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ባረጀ ቁጥር ደብሩ ተሰብስቦ ያድሰዋል፤ የሐረር ቤት ግድግዳና መደቡ እየተለቀለቀ ትውልድ ያሳልፋል። አሮጌ ነገር አሮጌ እስኪሆን የቆየው በየዓመቱ የሚያድሰው እጅ ስላልተለየው ነው። ዕድሜ የእንክብካቤ ማስረጃ እንጂ የቸልተኝነት ይቅርታ መጠየቂያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ማመካኛ ታሪክ ነው። እገሌ እዚህ አድሯል፣ እገሌ በዚህ ወንበር ተቀምጧል። መልካም፤ ነገር ግን ያንን ታሪክ የሠሩት የዛሬዎቹ ባለቤቶች አይደሉም። በጊዜው ፍራሹን ያገላበጡት፣ ውኃውን ያፈሉት፣ መንገደኛውን በፋኖስ የተቀበሉት ሰዎች ናቸው። ሆቴል ታሪካዊ የሚሆነው ሆቴል ስለነበረ ነው፤ ማለትም እንግዳን በሚገባ ስላሳደረ። ያንን ሥራ ትቶ ስሙን ብቻ የሚሸጥ ቤት የአባቱን ርስት እየቆረሰ የሚበላ ልጅ ነው። ርስቱ ትልቅ ከሆነ ለብዙ ዘመን ይበላል፤ ግን ያልቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ለሰው ነው። የሆቴል ስም በየማታው ይሞታል፤ በየማታውም ደግሞ መወለድ አለበት።

ሦስተኛው ማመካኛ ድህነት ነው፤ ከሦስቱ ሊሰማ የሚገባውም እርሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ብዙ ሆቴሎች ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ። የሁሉም የሆነው ቤት ቀስ በቀስ የማንም ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አንዳንዶቹ ተሸጡ፣ አንዳንዶቹ ተከራዩ፣ አንዳንዶቹም እጣቸውን ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። ነገ የማን እንደሚሆን በማይታወቅ ቤት ላይ ማን ቧንቧ ይቀይራል? ይህን አንክድም። ይሁንና ድህነት ቧንቧ እንዳይቀየር ያደርጋል እንጂ ሰሌዳ እንዳይፋቅ አያደርግም። «ዛሬ ሙቅ ውኃ የለንም፤ ስለዚህ ዋጋው ይህን ያህል ይቀንሳል» ለማለት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ጀበና ለመጣድ የባንክ ብድር አይጠየቅም። ድሃዋ ባላገር ዕለት በዕለት የምታደርገውን፣ «ቤት ያፈራውን» ማለትን፣ ትልቁ ሆቴል አቃተው። የጎደለው ብር ብቻ ቢሆን ይቅር ባልነው። የጎደለው እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «አሮጌ ሆቴሎች ሲታደሱ የሀብታም ይሆናሉ፤ ተዋቸው፣ እንዲህ እንዳሉ ይሻላሉ» የሚል ነው። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1887 የተከፈተው ራፍልስ ሆቴል በ1987 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ በ1989 ተዘግቶ ታድሶ በ1991 ተከፈተ። ቤቱ ዳነ፤ ነገር ግን በዚያ አልጋ ማደር ኪሱ የሞላ ሰው ነገር ነው። የእኛው ጣይቱ ሆቴል ደግሞ ሻንጣው ቀላል የሆነ መንገደኛና ኪሱ የሳሳ ሠዓሊ የሚገቡበት ቤት ሆኖ መኖሩ ከክብሩ አንዱ ነው። እኔም የጎባ መምህር ወይም የሮቤ እህል ነጋዴ የማይገባበት የጎባ ሆቴል እንዲኖር አልመኝም። ነገር ግን በቅንጦትና በንጽሕና መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ደረቅ አንሶላ ቅንጦት አይደለም። ድሃ በርካሽ ዋጋ ማደር አለበት ማለት በእርጥብ አንሶላ ማደር አለበት ማለት አይደለም። እንዲህ የሚያስብ ሰው ለድሃ የተቆረቆረ መስሎ ድሃን ንቋል።

ደግሞስ የእኛ የእንግዶቹ ድርሻ ምንድን ነው? ይሉኝታ የሚባል ጥሩም መጥፎም ጌታ አለን። በይሉኝታ ዝም ብለን እንወጣለን፤ ከተማው ዳር ስንደርስ ግን የቤቱን ስም አብጠልጥለን እናማለን። ይህ ጨዋነት አይደለም። ቤቱ እንዲታረም ዕድል ሳንሰጥ በሌለበት መፍረድ ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሰት እንግዳ ተቀባይነት የበጎ አድራጎት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ መሆኑን ተናግሯል። እርሱ የተናገረው ባዕድ አገር ስለሚደርስ ሰው ነው። ሐሳቡን ወደ ሆቴል በር ብናመጣው ግን መብት ያለው ሰው መብቱን መናገር እንዳለበት ይነግረናል። የሚናገረውም ለሚመለከተው ነው። ባልዲ ባላመጣችው ልጅ ላይ መጮህ ቀላል ነው፤ ከፊታችን የቆመችው እርሷ ናትና። ቧንቧውን ያላስጠገነው ሰው ግን ያንን ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ ወቀሳም አድራሻ ሊኖረው ይገባል። አድራሻውን የሳተ ወቀሳ ደካማውን ደብድቦ ጉልበተኛውን ያስተኛል።

ዝምታችን ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳና በውስጡ የነበረው ጃዝ አምባ ሲቃጠል ብዙ ሰው ከልቡ አዘነ። ሐዘኑ ተገቢ ነበር። ነገር ግን እሳት ጭስ ስላለው ሰው ይጠራል፤ ቸልተኝነት ጭስ የሌለው እሳት ነውና ማንንም አይጠራም። ጣሪያ በአንድ ሌሊት ቢወድቅ እናለቅሳለን፤ በሠላሳ ዓመት ሲወድቅ ግን «አሮጌ ነው» እንላለን። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ፣ «ምን ያደርጋሉ፣ ያረጁ ናቸው» የሚለው ቃል ከብዙ አፍ ተሰምቷል። ሳይታደስ የቀረ ቤት በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ አፍራሽ ሲመጣም የሚከራከርለት አያገኝም። በውስጡ ተመችቶት ያደረ ሰው ግን ጠበቃው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ዛሬ በባሌ ላይ የተለየ ክብደት አለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በመላው ዓለም ከአምስት መቶ የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚህ ተራራ ነው። የሳነቴን ሜዳና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ለማየት የሚመጣ ሰው፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም፣ ቀን በተራራው ቢደነቅ ማታ ከአንድ በር መግባቱ አይቀርም። ተራራውን እኛ አልሠራነውም። በእርሱ ብንመሰገን ምስጋናው የፈጣሪ ነው፤ የእኛ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው። በሩ ግን የእኛ ሥራ ነው። እንግዳው ስለ እኛ የሚያውቀው ከበሩ ወዲያ ባለው ነገር ነው።

ስለዚህ የአሮጌ ሆቴሎቻችን እድሳት ከቀለም ይጀምራል ብዬ አላምንም። ቀለም እርጥበቱን ይሸፍናል እንጂ አያደርቀውም። እድሳቱ የሚጀምረው በእንግዳ መቀበያው የቆመችው ልጅ ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት «ውኃው ዛሬ የለም፣ ሁለተኛው ፎቅ ይበርዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው» ብላ ብትናገር እንደማትቀጣ ያወቀች ቀን ነው። ያን ቀን እንግዳው የሚያድርበትን አውቆ ይከፍላል፤ ባለቤቱም በየማታው ምን ያህል እንዳጣ በገዛ መዝገቡ እያየ ቧንቧውን ለማስጠገን ይቸኩላል።